ስለ ላንድ ሮቨር መኪና አጠባበቅና መለዋወጫ ዕቃውን አስቀድሞ ስለ ማዘዝ

በወረዳ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ያለ መኪና ሥራው ብዙ ነው። የከብት ክትባት ከበረዶ ሣጥኑ ጋር ወደ ገጠር የሚደርሰው፣ የዘርና የማዳበሪያ እደላ የሚጎበኘው፣ አንበጣ ታየ በተባለበት ቀበሌም ባለሙያ ፈጥኖ የሚገኘው በርሱ ነው። እንዲህ ያለው መኪና በሐምሌ ጭቃ መካከል በአንዲት ጓርኒሲዮን ምክንያት ቢቆም፣ ክትባቱ በሣጥኑ ውስጥ ሙቀት ያገኘዋል፤ የጤፍም መዝሪያ ጊዜ ያልፋል። ዕዳውን የሚከፍለው ገበሬው ነው።

ላንድ ሮቨር የተባለው የእንግሊዝ መኪና ከመጀመሪያውም ለእርሻ ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። በ1940 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1948) በአምስተርዳም ከተማ በተደረገው የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ሲገለጥ፣ ከመንገድ ጉዞ ሌላ በሞተሩ ኃይል የእርሻ መሣሪያ እንዲያዞር ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ብረት በልክ ይታደል ስለ ነበረ አካሉ በአሉሚኒየም ተሠራ፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው አካሉ አለመዛጉን አይቶ መኪናው ደኅና ነው ይላል፤ ዝገቱ ግን የዋልካ ጭቃ ተለጥፎ በሚከርምበት በሻንሲው ላይ፣ ይልቁንም በኋለኛው አግዳሚ ብረት ውስጥ በስውር ይበላል። ከክረምት መንገድ የተመለሰ መኪና ላዩ ከመወልወሉ በፊት ከሥሩ ይታጠብ።

ይህ የቀድሞው ዓይነት መኪና በሶሊሀል ፋብሪካ መሠራቱ በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ዲፌንደር ተብሎ የወጣው አዲሱ መኪና በስም እንጂ በዕቃ ከአሮጌው ጋር አይገናኝም። አሮጌውም ቢሆን በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1994 የወጣው 300 ቲዲአይ የተባለው ሞተር የላይኛውን ክፍል የሚያዞረው በጎማ ቺንጋ ሲሆን፣ በ1998 የተከተለው ቲዲ5 ግን በሰንሰለት የሚዞርና በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ ነው። እንግዲህ «የዲፌንደር ፊልትሮ ይላክልን» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳለመጻፍ ይቈጠራል።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር አለ። በየጋራዡ የሚነገሩት ስሞች፣ ይኸውም ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ከጣልያን ቋንቋ የመጡ ናቸው። መካኒኩና ሾፌሩ በነዚህ ስሞች በደንብ ይግባባሉ፤ ስሞቹንም መለወጥ አያስፈልግም። የእንግሊዙ የዕቃ መዝገብ ግን የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነው። ስለዚህ የሻንሲውና የሞተሩ ቍጥር ከመኪናው ላይ ተነብቦ በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ይጻፍ፤ ከሊብሬ ብቻ መገልበጥ አይበቃም፤ ሞተሩ በሌላ ተለውጦ ሊሆን ይችላልና። የተፈታውም አሮጌ ዕቃ አዲሱ መጥቶ ልኩ እስኪረጋገጥ ድረስ አይጣል፤ ብዙ ጊዜ ቍጥሩ በርሱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

የመፍቻም ነገር ቀላል አይደለም። የጥንቶቹ ላንድ ሮቨሮች ቡሎን በኢንች የተለካ ነው፤ በኋለኞቹ ላይ ኢንችና ሚሊሜትር ተደባልቆ ይገኛል። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ በላዩ ባለ 13 መፍቻ ቢገባበት የሚገጥም ይመስላል፤ በኃይል ሲዞር ግን የቡሎኑን ማዕዘን ይልጠዋል። ከዚያ በኋላ በመሮ ካልተመታ አይወጣም፤ የአምስት ደቂቃ ሥራም የአንድ ቀን ሥራ ይሆናል።

ከብልሽቱ አብዛኛው የሚገባው በአቧራ፣ በውኃና በተሳሳተ ዘይት ነው። የአሮጌዎቹ ሞተሮች አየር ማጣሪያ ከታቹ ዘይት ያለበት ሳሕን ነው፤ አቧራ በበዛበት መንገድ ሳሕኑ ቶሎ ቶሎ ይታጠብ። ናፍጣ ከበርሜል ሲቀዳ ከመንቀሳቀስ ዐርፎ ውኃውና አተላው ከሥሩ ይዝቀጥ፤ ከፊልትሮውም የተጠራቀመው ውኃ ይፍሰስ። የፍሬን ዘይት ባለቀ ጊዜ በምትኩ የሞተር ዘይት መጨመር ፈጽሞ ክልክል መሆን አለበት፤ የፖምፓው ጎማ ያብጥና ፍሬኑ በቍልቍለት ላይ ይከዳል። ቺንጋውን ደግሞ ፋብሪካው ለአቧራማ አገር ባመለከተው አጭር ጊዜ መለወጥ ግድ ነው፤ ከተበጠሰ ፒስቶኑና ቫልቮላው ይጋጫሉ። የኪሎሜትር መቍጠሪያው የማይሠራ መኪና ሞልቷልና፣ ቺንጋው የተለወጠበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ።

ከቆመ መኪና ዕቃ እየፈቱ ሌላውን ማስኬድ በየግቢው የተለመደ ነው። ለአንድ ሳምንት ችግር ይጠቅም ይሆናል፤ ነገር ግን በጥቂት ብር ዕቃ ይነሣ የነበረው መኪና በዓመቱ ጎማና በር የሌለው ቅርፍት ሆኖ ይቀራል። የግድ ከተፈታም ምን ዕቃ፣ በማን ትእዛዝ፣ ለየትኛው መኪና እንደ ተወሰደ ይመዝገብ፤ ምትኩም በዚያው ቀን ይታዘዝ። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ይገኛል፤ የካምቢዮ ሣጥን ወይም በር ከዚያ ቢገዛ ነውር የለበትም። የፍሬን ጎማና ቺንጋ ግን ያገለገለውን መግዛት ገንዘብና ሕይወት ማባከን ነው።

የሚያሳስበው ጊዜው ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን፣ መንገዱ በጭቃ በተያዘበትና ገበሬው ባለሙያ በሚሻበት ወራት ነው። በአዲሱ በጀት ይገዛል ተብሎ የተተወ ዕቃ ከባሕር ማዶ መጥቶ ጅቡቲን አልፎ ወረዳ እስኪደርስ ክረምቱ ያልቃል። ዋጋውም ባለበት አይቆይም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ግድም የነበረው የአሜሪካ ዶላር ጥቂት ሳምንታት ሳያልፉ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ የፊልትሮ፣ የቺንጋ፣ የጓርኒሲዮን፣ የፍሬን ጎማና የእግር ኩሽኔታ ትእዛዝ፣ ቍጥሩ ተሟልቶ፣ በያዝነው ዓመት በጀት ከመጋቢት ወር ሳያልፍ ለግዥ ክፍል ይቅረብ።