ስሙ ሳይለወጥ የተለወጠ ቤት፦ የእንግሊዝ የሕንፃ ቃላት አተረጓጎም

አንድ ሕንፃ ባለቤቱ፣ አገልግሎቱና ቅርፁ እየተለወጠ ስሙ ግን እንደ ጥንቱ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ተርጓሚው የመዝገበ ቃላቱን ፍች ብቻ ይዞ ቢነሣ ከነገሩ ይርቃል። በእንግሊዝ አገር በዊልትሺር የሚገኘው ሌኮክ አቢ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው በ1232 የሶልዝበሪዋ ባላባት ወይዘሮ ኤላ የመሠረቱት የሴቶች ገዳም ነበር። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ባዘጉ ጊዜ ይህም በ1539 ተዘጋ፤ በዓመቱም ዊልያም ሻሪንግተን ገዝተው መኖሪያቸው አደረጉት። ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሱ፤ የመነኮሳይያቱን የምድር ክፍሎች ግን አስቀርተው መኖሪያውን ከፎቁ ላይ አደራጁ፤ ባለስምንት ማዕዘን ግንብም ጨመሩ። በ1750ዎቹ ጆን አይቮሪ ታልቦት በሳንደርሰን ሚለር ንድፍ አዲስ አዳራሽ አሠሩ። በ1830 ገደማ ደግሞ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በደቡቡ ገጽ ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጡ መስኮቶች አስገቡ። በ1835 ከነዚህ የአንዱን ምስል ያነሡበት ኔጋቲቭ እስከ ዛሬ ከቆዩት የካሜራ ኔጋቲቮች ሁሉ ቀደምቱ ነው።

ከዚህ ታሪክ አራት የአተረጓጎም ጥያቄዎች ይነሣሉ።

1. «አቢ»፦ ከ1539 በፊት ላለው ዘመን «የሌኮክ ገዳም» ማለት ትክክል ነው። ከዚያ ወዲህ ግን «ታልቦት በገዳሙ ሳሉ ፎቶግራፍ አነሡ» ቢባል ሰውየው መናኝ ይመስላሉ። ስለዚህ ስሙ በድምፁ «ሌኮክ አቢ» ተብሎ ይጻፍ።

2. «ሆል»፦ በመካከለኛው ዘመን ጌታው ከቤተሰቡና ከአሽከሮቹ ጋር ለማዕድ የሚቀመጥበት ስለ ነበር «የግብር አዳራሽ» ይስማማዋል። የ1750ዎቹ ግን እንግዳ መቀበያ በመሆኑ «አዳራሽ» ብቻ ይበቃዋል። በዛሬ ተራ ቤት ይኸው ቃል ከበር ወደ ክፍሎች የሚያደርስ መተላለፊያ ነው።

3. «ክሎይስተር»፦ አራት ማዕዘን ግቢን የሚከብ፣ ጣራ ያለው መተላለፊያ ነው። ዙሪያነቱን አይቶ «ቅኔ ማኅሌት» ማለት ያጓጓል፤ ነገር ግን ቅኔ ማኅሌት የቤተ ክርስቲያኑ የውስጥ ክፍልና የዝማሬ ስፍራ ነው። «የገዳም ዙሪያ መተላለፊያ» ቢባል ይሻላል።

4. «ካንትሪ ሃውስ»፦ «የገጠር ቤት» ቢባል በአንባቢው ሐሳብ የሚመጣው ጎጆ ነው። «የባላባት የገጠር መኖሪያ» የባለቤቱን ማዕረግም የቤቱን ስፋትም ያሳያል።

እንግዲህ ለአንድ ቃል አንድ አቻ ማቆም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቢቀልም ለታሪክ ጽሑፍ አይበጅም። ተርጓሚው አስቀድሞ «በየትኛው ዘመን? ለምን አገልግሎት?» ብሎ ይጠይቅ፤ የመዝገበ ቃላቱም ፍች በዘመን ተከፍሎ ይቅረብ። አለዚያ ሻሪንግተን ያፈረሱትን ቤተ ክርስቲያን በቃል መልሰን እናቆመዋለን።