ስለ ቀድሞ ዘመን የእንጨት ሰርከስ እንስሳት

ከጀርመን አገር ወደ አሜሪካ የፈለሰው አልበርት ሾንሁት በፊላዴልፍያ ከተማ ያቋቋመው ፋብሪካ በ1903 (እ.ኤ.አ.) «ሃምፕቲ ደምፕቲ ሰርከስ» የተባለውን የልጆች መጫወቻ ለገበያ አቀረበ። እንስሳቱ ከእንጨት የተሠሩ ናቸው፤ እግራቸውም በላስቲክ ገመድ ስለ ተያያዘ፥ በመሰላልና በበርሜል ላይ በልዩ ልዩ አኳኋን ለመቆም ይችላሉ። ፋብሪካው በ1935 ከሰረ።

ይሁን እንጂ የአንዱ እንስሳ አሠራር በዘመኑ ሁሉ አንድ ዐይነት አልነበረም። የቀደሙት የመስተዋት ዐይን ሲኖራቸው፥ የኋለኞቹ ዐይን በቀለም የተሣለ ነው፤ በ1920ዎቹም መጠናቸው ያነሰ እንስሳት ተሠርተዋል። እንግዲህ ሰብሳቢው የዕቃውን ዘመን የሚገምተው እነዚህን ምልክቶች አንድ ላይ በማስተያየት ነው። ያረጀውን ለማሳመር ሲል አዲስ ቀለም የሚቀባ ሰው ግን ምስክሩን አብሮ ይሸፍነዋል። ቀለሙ የተላጠው ዝሆን የሠሪውን እጅና የተጫወቱበትን ልጆች አሻራ ይዞ ኖሯልና፥ እንዳለ ሊጠበቅ ይገባዋል።