የሌጎ ቪዲዮ ሁሉ የልጅ አይደለም

ልጁ ዩቲዩብ ላይ ሌጎ ሲገጣጠም እያየ መሆኑን የተመለከተ ወላጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ «መጫወቻ ነው፣ ምን ችግር አለው» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። እንዲህ ያሉ ቻናሎችን የሚሠሩት ግን ብዙዎቹ አዋቂዎች ናቸው፤ የሚሠሩትም ለመሰሎቻቸው ነው። የዴንማርኩ ኩባንያ ሌጎ የመጫወቻ ጡቡን ዛሬ በምናውቀው መልኩ በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1958 ስለሆነ፣ በልጅነታቸው የተጫወቱበት ዛሬ አያት ሆነዋል። ኩባንያውም ይህን አይቶ ከ2020 ጀምሮ 18+ የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ጥቁር ሣጥኖች ይሸጣል። የጡብ ቪዲዮ ሁሉ የልጅ ቪዲዮ ነው ማለት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዓይነታቸው ይለያያል። አንዱ አዲስ ሣጥን ከፍቶ ይገመግማል፣ ሌላው ምድር ቤቱን የሞላ ከተማ ይገነባል። በጥንቃቄ መታየት ያለበት ብሪክፊልም የሚባለው ነው። አሠራሩ ትንሿን የሌጎ አሻንጉሊት በጥቂቱ አንቀሳቅሶ ፎቶ ማንሳት፣ ደግሞ አንቀሳቅሶ ማንሳት ነው። በሰከንድ 15 ፎቶ ቢታሰብ የአንድ ደቂቃ ፊልም 900 ፎቶ ይፈጃል። ትዕግሥቱ ይደነቃል። የሚተረከው ግን አንዳንዴ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውጊያ ነው፤ ፈገግ ያለች አሻንጉሊት በጥይት ትወድቃለች፣ ቀይ ቁርጥራጭ ደም ሆኖ ይረጫል። ሌጎ የዘመኑን ጦር መሣሪያ አስመስሎ ከመሥራት ይቆጠባል፤ በአሻንጉሊቷ እጅ ልክ ጠመንጃ እየሠሩ የሚሸጡት ሌሎች ናቸው። ከውጭ ሲታይ ግን ያው ጡብ፣ ያው ቀለም ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ብሪክ ኤክስፐሪመንት ቻናልን ውሰዱ። ተራኪ የለውም፤ የሚታየው እጅና ማሽን ብቻ ነው። በአንዱ ቪዲዮ ትንሽ መኪና ከፍታው እየጨመረ የሚሄድ መሰናክል ለመውጣት ትታገላለች። ያቅታታል፤ ጎማዋ በትልቅ ይተካል። እንደገና ያቅታታል፤ ማርሹ ይቀየርና ፍጥነቷ ቀንሶ ጉልበቷ ይጨምራል፣ አራቱም ጎማዎች በሞተር ይዞራሉ። ሚዛኗ ሲያስቸግር ደግሞ ክብደቷ ይስተካከላል። በሌላ ቪዲዮ በርቀት የሚታዘዝ ባሕር ሰርጓጅ ተሠርቷል፤ በሲሪንጅ እየታገዘ ይሰምጣል፣ መልሶም ይንሳፈፋል። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ኃይል በማግኔት አማካይነት የሰርጓጁን ግድግዳ ስለሚያልፍ፣ ለዘንጉ ውሃ የሚያስገባ ቀዳዳ አላስፈለገም። ከሽቦና ከቆርኪ መኪና እየሠራ ያደገ ወላጅ ይህን ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልገውም። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን፣ ከልጁ ጎን ተቀምጦ «አሁን ለምን አልወጣችም?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ለእኔ የዚህ ቻናል ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ መውደቅን አይደብቅም፣ ምክንያቱንም ያሳያል።

ወላጆችን የሚያሳስት ሌላ ነገር አለ፤ «ለልጆች የተሠራ» የሚለው ምልክት። እ.ኤ.አ. በ2019 ጉግልና ዩቲዩብ የልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰብስበዋል ተብለው ከአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ከኒውዮርክ ግዛት ጋር ባደረጉት ስምምነት 170 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የቪዲዮ ባለቤት ሥራው ለልጆች መሆን አለመሆኑን ራሱ ማሳወቅ አለበት። ለልጆች ነው ከተባለ አስተያየት መስጫው ይዘጋል፣ ተመልካቹን እየተከታተለ የሚመጣ ማስታወቂያም ይቀራል። እንግዲህ ምልክቱ የሚናገረው ስለ መረጃና ስለ ማስታወቂያ ነው እንጂ ስለ ይዘቱ ጥራት አይደለም። አንድም መጥፎ ቃል የማይወጣው ገምጋሚ ታዳሚዎቹ አዋቂዎች ስለሆኑ ብቻ «ለልጆች አይደለም» ሊል ይችላል። ምልክቱ ያለበት ደግሞ ከጩኸትና ከ«ግዙ» በቀር ምንም የሌለው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መመዘን የወላጅ ሥራ ነው። መጀመሪያው ሁልጊዜ ያማረ ስለሆነ ቪዲዮውን ከመሐል ጀምሩት። ሰውየው ሲሳሳት ምን እንደሚል ስሙ። አስተያየት መስጫው ክፍት ከሆነ ወረድ ብላችሁ አንብቡ፤ ልጁም ያነበዋልና። ሣጥኑን ኩባንያው በነፃ ልኮለት እንደሆነ ይናገራል ወይ? ቢናገርም ትንሽ ልጅ ማስታወቂያን ከሐቀኛ አስተያየት ለመለየት ይቸገራል። ከሁሉ በላይ የሚመሰክረው ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያለው ነው። በእጁ ያለውን ይዞ መሥራት የሚጀምር ልጅና ያየው ሣጥን ካልተገዛልኝ ብሎ የሚያለቅስ ልጅ አንድ ዓይነት ቻናል አላዩም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ብሪክ ኤክስፐሪመንትን የመሰለ ቻናል ትምህርት ቤት ለገባ ልጅ ይሁን፤ ኮምፒውተርና ኮድ የሚገባባቸውን ክፍሎች የሚከታተላቸው ግን ከፍ ያለው ነው። የሣጥን ከፋቾቹ በልክ ይታዩ። ብሪክፊልምን ወላጅ አስቀድሞ ሳያየው ልጅ አይየው። ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚያስከትለውን ማብሪያም አጥፉት፤ ከመኪናዋ ወደ ጦርነቱ የሚያሻግረው እሱ ነውና። ልጁ አይቶ «እኔም ልሥራ» ካለና ቤት ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ካለ፣ ትንንሾቹ ጡቦች ጉሮሮ ስለሚዘጉ ሕፃኑ ከማይደርስበት አስቀምጡ።