እንግዳን መቅበር፦ የከተማ መካነ መቃብርና የእኛ ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በሞላሌና በመንዝ ገጠሮች አንድ ክርስቲያን ሲያርፍ የት እንደሚቀበር አያከራክርም፤ ቦታው ወላጆቹ ያረፉበት የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። ጎረቤት መቃብሩን ይቆፍራል፤ ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐቱን ያደርሳሉ፤ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያውና ሙት ዓመቱም በዚያው ይታሰባል። ከተማ ግን አዲስ ጥያቄ አመጣ፦ ዘመድም ዕድርም የሌለውን ማን ይቅበረው?

የአዲስ አበባ ታሪክ ይህን ያሳያል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከየአገሩ የተሰበሰበው ምእመን እንደ ገጠሩ ልማድ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ይቀበር ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በገባ ጊዜ ግን ቀባሪው ራሱ ታመመ፤ መቃብር ቆፋሪ ጠፋ፤ ብዙዎችም ያለ ወጉ ተቀበሩ። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ የጴጥሮስ ወጳውሎስና የቅዱስ ዮሴፍ መካናተ መቃብር ከየአጥቢያው የሚመጣውን የሚቀበሉ ሆኑ። በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ደግሞ አርበኞች አርፈዋል፤ ለኢትዮጵያ ነጻነት የተሟገተችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስትም በ1953 ዓ.ም. በዚያው በክብር ተቀብራለች።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ መቃብር ሲናገሩ እንግድነትን አብረው ያነሣሉ። አባታችን አብርሃም ለሣራ መቃብር ሲለምን ራሱን እንግዳና መጻተኛ ብሎ ነበር፤ ቦታውንም በ400 ሰቅል ብር ገዛ (ዘፍ. 23)። ጦቢት በባዕድ አገር የተጣሉትን ወገኖቹን ይቀብር ነበር (ጦቢት 1)። ጌታችንም በሥጋው ያረፈው የአርማትያሱ ዮሴፍ ለራሱ ባስወቀረው መቃብር ነው (ማቴ. 27፥60)። ስለዚህ እንግዳን መቅበር ለቤተ ክርስቲያን ትርፍ ሥራ አይደለም፤ የሃይማኖት ፍሬ ነው።

ዛሬ ከመንዝ ለቀን ሥራ ወጥቶ በከተማ የሚያርፍ ወጣት አለ። ዕድር ድንኳን የሚተክለው ለአባሉ ነው፤ ይህ ወጣት ግን አባል አይደለም፤ የንስሓ አባቱም ሩቅ ናቸው። እንግዲህ ምን እናድርግ? ወደ ከተማ የሚሄድ ልጃችን የክርስትና ስሙን እንዲያውቅና በሚኖርበት አጥቢያ የንስሓ አባት እንዲይዝ እንምከረው። በከተማ ያለንም ለእብነ በረድ ሐውልት ከምናወጣው ከፍለን ቀባሪ ላጣው መግነዣ እንግዛ፤ በቀብሩም እንቁም። ሙታንን የሚጠቅማቸው ጸሎት፣ ቅዳሴና ምጽዋት እንጂ የድንጋይ ውበት አይደለምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።