ወደ ታላቁ ገደል የሚወርድ መንገደኛ

ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው ድካሙን በመጀመሪያ ይቀበላል፤ ጉልበቱ ሲያንሰው ፊቱን መልሶ ወደ መጣበት ይወርዳል። ወደ ገደል ለሚወርድ መንገደኛ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ጧት፣ ኃይሉ ትኩስ ሳለ፣ ቁልቁለቱ እየሸኘ ያወርደዋል፤ ዳገቱ የሚጠብቀው እግሩ ከዛለና ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥተው የዓባይን በረሓ በእግራቸው ያቋረጡ አባቶቻችን ይህን ያለ አስተማሪ ያውቁት ነበር።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናወሳው በአሜሪካ አገር፣ በአሪዞና ግዛት የሚገኘውን ግራንድ ካንየን የተባለውን ሸለቆ ነው። በፊኒክስና በላስ ቬጋስ ከተሞች ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉና፣ ጎልማሳ ልጆቻቸው ስንቃቸውንና ድንኳናቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደዚያ ለመውረድ በሚነሡበት ጊዜ ወላጆች ጥቂት ነገር ቢያውቁ መልካም መስሎ ታየን። የሸለቆው ርዝመት 446 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥልቀቱም ከ1,600 ሜትር የሚበልጥበት ስፍራ አለ። ከሥሩ የኮሎራዶ ወንዝ ይፈሳል።

ሸለቆውን በሦስት ቀን የሚጎበኝ ሰው ብዙውን ጊዜ በደቡብ ካይባብ መንገድ ወርዶ በብራይት ኤንጀል መንገድ ይወጣል። የመጀመሪያው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በመላው መንገድ ላይ አንዲት ጠብታ የሚጠጣ ውኃ አይገኝበትም፤ ሁለተኛው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታች ለማደር የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ የፈቃድ ወረቀት ማውጣት አለበት።

ካይባብ ከወንዙ በሚገናኝበት ስፍራ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 የተሠራ ተንጠልጣይ ድልድይ አለ። ድልድዩን የተሸከሙት የብረት ገመዶች እያንዳንዳቸው አንድ ቶን ያህል ይመዝናሉ፤ ይህንም ያህል ነገር በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ሊያወርድ የሚችል በቅሎ አልነበረም። ስለዚህ ሃቫሱፓይ ከተባለው የአገሩ ተወላጅ ሕዝብ 42 ወንዶች በአንድ ረድፍ ቆመው፣ ገመዱን በትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ እርምጃቸውን አስማምተው እስከ ወንዙ አወረዱት። የዛሬው መንገደኛ የጀርባው ጓዝ በከበደው ጊዜ ይህን ቢያስታውስ አይጎዳም።

ታች ያለው ሙቀት ከላይኛው ጋር አይመሳሰልም። በሐምሌ ወር በወንዙ ዳር፣ ያውም በጥላ ሥር፣ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የፓርኩ ጠባቂዎች በበጋ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ማንም በፀሐይ እንዳይሄድ ይመክራሉ። ከጫፍ እስከ ወንዝ ወርዶ በዚያው ቀን ለመመለስ መሞከር እንደማይገባ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳም በመንገዱ ዳር አቁመዋል፤ ለመውረድ አንድ ሰዓት የፈጀው መንገድ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ይፈጃልና።

ስለ ውኃ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ላብ ከሰውነት ሲወጣ ጨውንም ይዞ ይወጣል። ምንም ሳይበላ ውኃ ብቻ እያከታተለ የሚጠጣ ሰው፣ በደሙ ውስጥ የቀረው ጨው እየቀጠነ ይሄድና ራሱን ያመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ አሳቡም ይደነጋገራል። ይህ ከውኃ ጥም ምልክት ጋር ስለሚመሳሰል፣ ጓደኛው እያዘነለት ሌላ ውኃ ይጨምርለታል፤ በዚህም ሕይወቱ እስከ ማለፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከውኃው ጋር ጨው ያለበት ምግብ በየጊዜው መቅመስ ያስፈልጋል። በእኛ አስተያየት ጨው የነካው የገብስ ቆሎ፣ ለመሸከም ቀላል በመሆኑም ጭምር፣ ከብዙ የሱቅ ጣፋጭ ይሻላል።

በመውጫው በብራይት ኤንጀል መንገድ ላይ ምንጭና የዛፍ ጥላ ያለበት ለምለም ስፍራ ይገኛል። ሃቫሱፓዮች ከብዙ ትውልድ ጀምሮ እህልና አትክልት ያበቅሉበት የነበረ ርስት ነው። ሸለቆው በ1919 ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ በኋላ ግን መሬቱን እንዲለቁ ተደረገ። የመጨረሻው ነዋሪ የወጣው በ1928 ነው፤ ይኸውም ወንድሞቹ የድልድዩን ገመድ በትከሻቸው ባወረዱበት ዓመት መሆኑ ነው። ስፍራው በሕዝቡ ጥያቄ «የሃቫሱፓይ አትክልት ቦታ» ተብሎ የተሰየመው በ2022 ነው።

ብዙዎች ሁለተኛውን ሌሊት በዚህ ያድራሉ። ከዚያ እስከ ጫፉ የቀረው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ የተነሣም አብዛኛውን በጥላ ይወጣዋል።