የዘይቱን አሸዋና የኩላሊት ጠጠር

ዘይቱን የበላ ሰው ጥርሱ ሥር አሸዋ የመሰለ ነገር ሲንኮሻኮሽ ያውቀዋል። ይህም ሆነ ከእህል ጋር የሚዋጠው ጥቃቅን ኮረት ውሎ አድሮ ኩላሊት ውስጥ ተጠራቅሞ ጠጠር የሚሆን የሚመስላቸው ሰዎች አሉ።

በዘይቱን ውስጥ ያለው ግን ድንጋይ አይደለም። የዕፅዋት ተመራማሪዎች «የድንጋይ ሴሎች» እያሉ የሚጠሯቸው የፍሬው አካሎች ናቸው። ሴሎቹ ለጋ ሳሉ እንደ ሌሎቹ ሕያዋን ሲሆኑ፣ ቀስ በቀስ ግድግዳቸው ይወፍርና እንጨትን እንጨት በሚያሰኘው ሊግኒን በተባለው ንጥረ ነገር ይጠነክራል፤ በመጨረሻም ውስጣቸው ሞቶ ጠንካራው ቅርፊት ብቻ ይቀራል። የኮክ ፍሬ እምብርት በድንጋይ ካልተመታ የማይሰበረው በነዚሁ ሴሎች ጥርቅም የተነሣ ነው። የሰው ሆድ ሊግኒንን መፍጨት ስለማይችል ሴሎቹ እንደገቡ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣሉ። የተዋጠ አሸዋም መንገዱ ያው ነው። ከአንጀት ተነሥቶ ኩላሊት ዘንድ የሚደርሰው ሟሙቶ ወደ ደም የገባ ነገር ብቻ ነው።

ጎደሬን በደንብ ሳይበስል የቀመሰ ሰው ጉሮሮውን የሚወጋውና የሚያሳክከው ካልሲየም ኦክሳሌት የተባለው በዓይን የማይታይ መርፌ መሰል ቅንጣት ነው። ተክሉ ትርፍ ካልሲየሙን የሚያከማችበት፣ ሊበላው ከሚመጣ እንስሳም ራሱን የሚከላከልበት ዘዴ ነው። አዋቂዎችን የሚይዘው የኩላሊት ጠጠርም በአብዛኛው የሚሠራው ከዚሁ ከካልሲየም ኦክሳሌት ነው። ይህ ሲባል መርፌዎቹ ተጉዘው ኩላሊት ላይ ይሰካሉ ማለት አይደለም። በቆስጣ፣ በቀይ ሥርና በአሉማ ቅጠል ውስጥ የሚገኘው የሚሟሟ ኦክሳሌት በአንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል፤ ጉበትም ራሱ ኦክሳሌት ይሠራል። ይህ ሁሉ በሽንት ሊወጣ ኩላሊት ሲደርስ ውሃው ያነሰ እንደሆነ ከካልሲየም ጋር ይጋገራል። በአፋር ምድር ውሃው በፀሐይ ሲተን ጨው ከታች እንደሚቀር ማለት ነው።

የውሃን ጉዳይ በጣሊያን አገር በፓርማ የነበሩ ተመራማሪዎች በተግባር ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ውጤት፣ ጠጠር ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛቸው 199 ሰዎች መካከል 99ኙ በቀን ቢያንስ ሁለት ሊትር ሽንት እስኪሸኑ ድረስ ውሃ እንዲጠጡ ተደረገ። መቶዎቹ እንደ ልማዳቸው ቆዩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጠጠሩ የተመለሰባቸው ብዙ ከጠጡት 12፣ ካልጠጡት ግን 27 ሆኑ። ለመድኃኒት አንድ ሳንቲም አልወጣም።

በቆላ ፀሐይ ሲያጭድ የሚውል ገበሬ ውሃው በላቡ አልቆ ሽንቱ እንደ ጠላ ጠቁሮ ወደ ማታ ቤቱ ይገባል። የማኅበር መሪዎች ለደቦ ሰው ሲጠሩ ስለ ምሳውና ስለ ጠላው እንደሚያስቡ ሁሉ፣ ንጹሕ ውሃ በጀሪካን ከማሳው ዳር እንዲቀመጥ ቢያደርጉ ቀላል የማይባል ሥራ ነው።

«ጠጠሩ ካልሲየም ካለበት ወተት ይቅር» የሚለው ምክርም በሐኪሞች ዘንድ ሳይቀር ለብዙ ዘመን ተነግሯል። ምክሩ ስሕተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ በ45,619 ወንዶች ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት፣ ከምግባቸው ብዙ ካልሲየም የሚያገኙት ሰዎች ጠጠር የያዛቸው በአነስተኛ ቁጥር መሆኑን አሳየ። ምክንያቱም ወተትና ቆስጣ በአንድ ማዕድ ሲበሉ ካልሲየሙ ኦክሳሌቱን እዚያው አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ጨው ማብዛት ግን በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም ይጨምራል። ጤነኛ ሰው ጎመንና ቆስጣ ሊተው አይገባውም፤ ጥቅማቸው ይበልጣል። አንድ ጊዜ ጠጠር የያዘው ሰው ቆስጣውን ቀቅሎ ውሃውን ቢደፋው ከኦክሳሌቱ ከፊሉ አብሮ ይሄዳል።

ትንሽ ጠጠር ብዙውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። የጎን ውጋት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት፣ ወይም ሽንት ጨርሶ ከቆመ ግን ሕመምተኛው ሳያድር ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ በተዘጋ ኩላሊት ላይ የሚነሣ ቁስለት ይገድላል።

ሙክት የሚያደልቡ ገበሬዎችም ይህን ችግር ያውቁታል። የሙክቱ ጠጠር ግን ብዙውን ጊዜ ከፎስፌት ነው፤ የሚመጣውም እህልና ፉርሽካ ብቻ ሲበዛለት ነው። ጨቅላ ሳለ የተኮላሸ ጠቦት የሽንት ቧንቧው ጠባብ ሆኖ ስለሚቀር ይበልጥ ይጠቃል። እህሉ ከድርቆሽ ጋር ተመጥኖ፣ ውሃም ሳይቋረጥ ሊቀርብለት ይገባል። ለሰው ጨው ቀንስ ሲባል ለሙክት መጨመሩ የሚመከረው ውሃ አብዝቶ እንዲጠጣ ነው። ጭራውን እያወዛወዘ የሚያምጥ፣ ሆዱን በእግሩ የሚመታ፣ ሽንቱም ጠብ ጠብ የሚል ሙክት ከተገኘ ፊኛው ከመፈንዳቱ በፊት በዚያው ዕለት ለእንስሳት ሐኪም ይታይ።