የኬሚካዊ አጸግብሮት ፍጥነት በምን ይለካል?

«የአጸግብሮት ፍጥነት ማለት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚታይ የአጸግባሪዎች ወይም የውጤቶች መጠን ለውጥ ነው።» ይህን ትርጓሜ ተማሪዎቻችን ያለ አንዳች ስሕተት ይጽፉታል። «ታዲያ በምን ይለካል?» ስንል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። የመኪና ፍጥነት ከፊት ለፊት ካለው ሰሌዳ ላይ ይነበባል፤ አጸግብሮት እንዲህ ያለ ሰሌዳ የለውም። ስለዚህ አጸግብሮቱ እየገፋ ሲሄድ አብሮ የሚለወጥ፣ በዓይን ወይም በመሣሪያ የሚያዝ አንድ ነገር መምረጥ ግድ ነው፤ የሚወጣ ጋዝ፣ የሚቀንስ ክብደት ወይም የሚለወጥ ቀለም።

ጀርመናዊው ሉድቪግ ቪልሄልሚ እ.ኤ.አ. በ1850 የገጠመው ነገር ከዚህም የከበደ ነበር። ስኳር በአሲድ ውስጥ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ሲለወጥ ፈሳሹ እንደጠራ ስለሚቆይ በዓይን ምንም አይታይም። ሆኖም የስኳር ሙሙት በውስጡ የሚያልፈውን ፖላራይዝድ ብርሃን ወደ ቀኝ ሲያዞር፣ የሁለቱ ውጤቶች ድብልቅ ግን ወደ ግራ ያዞረዋል። ቪልሄልሚ ይህን አንግል ከሰዓት ጋር እያስተያየ መዘገበ። በየቅጽበቱ ያለው ፍጥነት በዚያ ቅጽበት ከቀረው የስኳር መጠን ጋር እንደሚመጣጠንም አሳየ።

ለእኛ ቤተ ሙከራ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ይበቃሉ። በወረቀቱ ላይ የመስቀል ምልክት እናደርጋለን፤ በላዩ ላይ 50 ሚሊ ሊትር የሶዲየም ታዮሰልፌት ሙሙት የያዘ ፍላስክ እናስቀምጣለን። በውሃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 5 ሚሊ ሊትር ጨምረን ሰዓት እንይዛለን። ድኝ እየተፈጠረ ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ ከላይ ሆነን ስናይ መስቀሉ የጠፋበትን ሰከንድ እንጽፋለን። ቀጥሎ 25 ሚሊ ሊትር ታዮሰልፌት ከ25 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር እናደርጋለን። ውሃውን መርሳት የተለመደ ነው፤ ያለ እርሱ ግን የፈሳሹ ጥልቀት ስለሚቀንስ ንጽጽሩ ይበላሻል። ክምችቱ በግማሽ ሲቀንስ ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል። 1ን ለሰከንዱ ስናካፍል ፍጥነቱን የሚወክል ቁጥር እናገኛለን፤ ለምሳሌ 40 ሰከንድ ከሆነ 0.025፣ 80 ከሆነ 0.0125። መስቀሉ «ጠፋ» የሚለው ተማሪ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሁን፤ የሁለት ሰው ዓይን አንድ አይደለም። የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጉሮሮ ስለሚቆጠቁጥ መስኮት ይከፈት፤ አስም ያለባቸውም ራቅ ብለው ይቁሙ።

ይህ ዘዴ የሚሰጠን እስከ አንድ ነጥብ ድረስ ያለውን አማካይ ፍጥነት ብቻ ነው። ፍጥነቱ እንዴት እየቀነሰ እንደሚሄድ ለማየት እብነ በረድና አሲድ ይሻላሉ። የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋዝ መርፌ ሰብስበን በየ10 ሰከንዱ እናነባለን። ግራፉ መጀመሪያ ቁልቁለቱ እንደ ገደል ነው፤ ወደ ላይ ይወጣና አሲዱ ሲያልቅ ሜዳ ይሆናል። እንግዲህ «ፍጥነቱ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ «መቼ?» ካልተባለ ጎዶሎ ነው። በፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው።

ሙቀትስ? ለብዙ አጸግብሮቶች በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ደጋ ላይ ቀናት የሚፈጅ የእንጀራ ሊጥ ቆላ ላይ ቶሎ እንደሚቦካ እናቶች ከእኛ ቀድመው ያውቁታል፤ እርሾ ሕይወት ያለው ስለሆነ ነገሩ ትንሽ ቢወሳሰብም። በመድኃኒት ካርቶን ላይ «ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» የሚለውም ስለዚሁ ነው። አምራቾች መድኃኒቱን በ40 ዲግሪና በ75 በመቶ እርጥበት ለ6 ወራት እያቆዩ ምን ያህሉ እንደ ፈረሰ ይለካሉ፤ በተለመደው ሙቀትም ጎን ለጎን ይከታተሉታል። የማብቂያው ቀን የሚወሰነው ከእነዚህ ልኬቶች ነው። ቀኑ የሚያገለግለውም መድኃኒቱ በተጻፈው ሙቀት ሲቀመጥ ነው፤ ከምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የሚውለውን ሽሮፕ አይመለከትም።